ሃይማኖት በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

ከቢሾፍቱ ጀምሮ በሞጆና በአዳማ፣ ከሞጆ ወደ ደቡብ ደግሞ በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ) እና በሻሸመኔ የተደረደሩት የኦሮሚያ ከተሞች ኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ ካቶሊኩና የኦሮሞ ነባር እምነት ተከታዩ ዋቄፈታ ተጎራብተው የሚኖሩባቸው ናቸው። ይህ መጣጥፍ የሚያተኩረው ሃይማኖት ከጸሎት ቤት ደጃፍ ውጭ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው፤ ማን ሬሳ እንደሚያነሣ፣ ማን በሽተኛ እንደሚያክም፣ ማን ልጅ እንደሚያስተምር፣ ሕዝብ የት እንደሚሰበሰብ።

ከተሞቹ ያደጉት በአብዛኛው በመጤ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማና ሞጆ የባቡር ጣቢያ ሆኑ፤ ከዚያ የመኪናው መንገድ፣ በ1940ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ መጣ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናዝሬት ያሏት አዳማ የቀድሞ ስሟን ያገኘችው በ1992 ዓ.ም. ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ 220,212 ነዋሪዎች ነበሯት፤ ከእነዚህም የሚበዙት ኦርቶዶክሳውያን ሲሆኑ ሙስሊሞችና ፕሮቴስታንቶች በቅደም ተከተል ይከተላሉ። ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ የቀን ሠራተኛው ዘመዱን አገር ቤት ትቶ የመጣ ነው። ስለዚህ ዘመድ ይሠራው የነበረውን ሥራ ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ ጀመዓው፣ ከሁሉም በላይ እድሩ ተረከበው።

የሰፈር እድር በደንቡ ሃይማኖት ላይለይ ይችላል። የሚሠራው ግን በሃይማኖት ሥርዓት ውስጥ ነው። ጡሩምባ ሲነፋ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ትልልቁ ድስት ከእድሩ መጋዘን ይወጣል። ሟቹ ክርስቲያን ከሆነ ሬሳው ለፍትሐት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ሙስሊም ከሆነ ቀብሩ ስለማይዘገይ ለቅሶ ደራሹ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ክርስቲያን ጎረቤት ጀናዛውን ይሸኛል፤ ሙስሊም ጎረቤትም ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድረስ ወይም እስከ በሩ ያደርሳል። ሥጋው ላይ ሲደርስ ግን መንገዱ ይለያል፤ በልማዱ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። መላው ቀላል ነው። ለሠርግም ለድግስም በጉ ለሙስሊሙ ጎረቤት ከነነፍሱ ይሰጠዋል፤ ራሱ ያርዳል፣ የእሱ ሰዎች በተለየ ድስት ይሠራሉ፣ እንግዳው እንደየእምነቱ ይስተናገዳል። የእነዚህ ከተሞች የመቻቻል ታሪክ ከስብሰባና ከመግለጫ ይልቅ በዚህ በተለየው ድስት ይታወቃል፤ ልዩነቱን ሳይክድ አብሮ መዋልን ያስተማረው እሱ ነውና።

ይህ ሥርዓት የማይችለው ሰውም ነበር። ፕሮቴስታንት የሆነ ሰው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መቀበር አይፈቀድለትም፤ ከእድሩም የተገለለ ነበር። በአዲስ እምነት መኖር ያላስፈራው ብዙ ሰው የት እቀበራለሁ የሚለው ጥያቄ አስጨንቆታል። ወንጌላውያኑ የራሳቸውን እድር ያቋቋሙትና የመቃብር ቦታ ለማግኘት የደከሙት በዚህ ምክንያት ነው። በ1990ዎቹ ኤድስ በከባድ መኪና መንገድ ላይ ያሉትን ከተሞች ሲመታ ደግሞ ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው ታማሚ መጠየቅና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀመሩ።

የፕሮቴስታንት እምነት ወደ አዳማ የገባው በሐኪም ቤት በር ነው። የ1936 ዓ.ም. የሚሲዮን አዋጅ የውጭ ሚሲዮኖች በኦርቶዶክስ አካባቢዎች ከሕክምናና ከትምህርት ሌላ ስብከት እንዳያካሂዱ ይከለክል ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመጡት የአሜሪካ ሜኖናይቶች በከተማዋ በነበረ የጥጥ መዳመጫ ሕንፃ ውስጥ በአርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተሰየመውን ሆስፒታል ከፈቱ፤ ዛሬ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የናዝሬት መጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚ ተጨመረ። ከሚሲዮኖቹ ሥራ የበቀለችው ቤተ ክርስቲያን መሠረተ ክርስቶስ ተብላ ተሰየመች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በከተማዋ ተማሪዎች መካከል የተነሣው፣ ሰማይ ብርሃን በመባል የታወቀው የጸሎት እንቅስቃሴ ግን የሚሲዮን እቅድ አልነበረም፤ የወጣቶቹ የራሳቸው ነበር።

ደርግ ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿንም ያለ ፍርድ ለአራት ዓመታት ያህል አሠረ። አማኞቹ አምስትና ስድስት እየሆኑ በየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ። የልደት በዓል፣ ለቅሶና የቡና ጥሪ ለጸሎት ሽፋን ሆነ፤ ቤቱን የሚከፍቱትም ጉባኤውን የሚያስተባብሩትም ብዙ ጊዜ ሴቶች ነበሩ። በተዘጋችበት ጊዜ 5,000 ገደማ የነበሩት አባላት ደርግ ሲወድቅ ከ34,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ዛሬ በዓለም የሜኖናይት ጉባኤ ካሉት አባል አብያተ ክርስቲያናት ትልቋ ስትሆን ኮሌጇ በቢሾፍቱ ይገኛል። ደርግ የጸሎት ቤቱን ቢወርስም ጉርብትናውን መውረስ አልቻለም ነበር፤ እምነቱ የተስፋፋው በዚያ በኩል ነው።

በእነዚህ ከተሞች ካሉት የሕዝብ በዓላት ሰፊው በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የሚከበረው ኢሬቻ ነው። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ፣ ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጎድል፣ ኦሮሞዎች እርጥብ ሣርና አበባ ይዘው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ፤ አባ ገዳዎች መርቀው ያስጀምራሉ፤ ሣሩ በውሃው ተነክሮ ይረጫል፣ ለዋቃ ምስጋና ይቀርባል። ለዋቄፈታው ይህ አምልኮ ነው። ብዙ ክርስቲያንና ሙስሊም ኦሮሞ ደግሞ እንደ ባህሉና እንደ ማንነቱ ያከብረዋል፤ ከእምነታችን ጋር አይሄድም የሚሉ የሃይማኖት አስተማሪዎችም አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም፤ የሚመጣው ሕዝብ ግን በየዓመቱ የትየለሌ ነው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በበዓሉ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ሲተኩሱ በተፈጠረው ግርግርና መረጋገጥ ብዙ ሰው ሞተ። መንግሥት 55 ሰዎች ሞቱ አለ፤ ተቃዋሚዎች ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል ብለዋል። በሳምንቱ በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለምስጋና የወጣ ሕዝብ ሬሳ ይዞ መመለሱ በብዙዎች ልብ ውስጥ እስካሁን አልሻረም።

ቅዱሳት ቦታዎቹም የጉዞ መስመር ሠርተዋል። ከቢሾፍቱ ደቡብ በሚገኘው የዝቋላ ተራራ አናት ላይ ባለው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ምእመናን ይሰበሰባሉ። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ደግሞ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄደው ተሳላሚ አዳማን አቋርጦ ያልፋል። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የዛይ ሕዝብ ክርስትናውን ለዘመናት ጠብቆ ኖሯል፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን በቱሉ ጉዶ ደሴት ተሸሽጋ እንደነበር በትውፊት ይነገራል። መቂ የካቶሊክ ሐዋርያዊ ቪካርየት መቀመጫ ስትሆን በካቶሊክ ትምህርት ቤቷም ትታወቃለች።

የመሬት ጥያቄ ከሁሉም ቦታ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በሻሸመኔ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኢትዮጵያን ለደገፉ ጥቁር ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ1948 አምስት ጋሻ፣ ማለትም 200 ሄክታር ያህል መሬት በመልካ ኦዳ ሰጡ። በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ የራስ ተፈሪያን ፍልሰት በረታ። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬቱን ሲወርስ ሰፋሪዎቹ ጥቂት ይዞታ ብቻ ቀራቸው። በከተማዋ የሃይማኖትና የብሔር ወሰን እርስ በርሱ ስለሚነባበር የፖለቲካ ግጭት በቀላሉ የእምነት ልብስ ይለብሳል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በርካታ ቤትና ንብረት ነደደ፤ በጥር 2015 ዓ.ም. በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሣው የጳጳሳት ሹመት ውዝግብም በሻሸመኔ የሰው ሕይወት አስከፍሏል። ውዝግቡ በየካቲት 8 ቀን 2015 ዓ.ም. በስምምነት ተፈታ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። መሬቱን የሚያድለው ግን መንግሥት ስለሆነ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ፣ ለመቃብር፣ ለጥምቀተ ባሕርና ለኢሬቻ ቦታ የሚቀርበው ጥያቄ ሁሉ ወደ ከተማ አስተዳደሩ ይሄዳል። ለራስ ተፈሪያኑ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ እንዲሰጣቸው ተወስኖ በአገሪቱ የመኖርና የመሥራት መብታቸው ታውቋል፤ የተወረሰው የመልካ ኦዳ መሬት ግን አልተመለሰላቸውም።