የበረንዳው መብራት

ሦስት ዓመት ሙሉ እኔና እህቴ የሃሎዊንን ምሽት ያሳለፍነው መብራት አጥፍተን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። ከተማው ሐበሻ የሞላበት ቢሆንም እኛ መንገድ ላይ ከእኛ ሌላ የለም። የበረንዳው መብራት ከጠፋ ማንም እንደማያንኳኳ የነገረችን የእህቴ የሥራ ባልደረባ ናት። እንደዚያም ሆኖ የልጆች ኮቴ በተሰማ ቁጥር የቴሌቪዥኑን ድምፅ እንቀንሳለን፣ ስልካችንን በፊቱ እንደፋለን። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እህቴ እርጉዝ ነበረች። በሁለተኛው ሚጡ ስድስት ወሯ ስለነበር እንዳታለቅስ እህቴ ጡት አጉርሳት ጨለማ ውስጥ ተቀመጠች። ብድር የወሰደ ሰው ይመስል ተደበቅን።

ሰበባችን እማዬ ነበረች። ሃሎዊን በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ጥቅምት 21 ነው፣ ማርያም። እማዬ ከአዲስ አበባ ደውላ «በእመቤታችን ቀን የሰይጣን መልክ ለብሶ መዞር! እናንተ ደግሞ እንዳትሞክሩት» ስትል አንከራከራትም። እውነቱን ለመናገር ግን ከሰይጣኑ ይልቅ ያስፈራን አለማወቃችን ነው። በር ሲከፈት ምን ይባላል? ስንት ይሰጣል? ሁለት ልስጥ ወይስ እፍኝ? እንግዳ አገር ውስጥ ነውር ከመሥራት መብራት ማጥፋት ይቀላል።

ዘንድሮ ሚጡ ሁለት ዓመት ተኩል ሆናት። ዴይኬሯ ልጆቹ በዕለቱ የፈለጉትን ለብሰው እንዲመጡ ማስታወሻ ላከ። እህቴ ያገለገለ ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ የንብ ልብስ ገዛችላት፣ ከነክንፉ። በዕለቱ እሷ የማታ ፈረቃ ነበረች። «ማታ ጥቂት ቤት አዙራት። ለእማዬ ግን ትንፍሽ እንዳትል» አለችኝና ወጣች።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። የማላውቀው ኮድ ሲሰጠኝ ከመንካቴ በፊት ማን እንደጻፈው፣ መቼና ለምን እንደጻፈው ወደኋላ ሄጄ አያለሁ። የማይረባ የሚመስል መስመር ብዙ ጊዜ ከጀርባው ታሪክ አለው። ስለዚህ ሚጡን ይዤ ከመውጣቴ በፊት የነበሩትን ማታዎች የሃሎዊንን ታሪክ ሳነብ ነው ያመሸሁት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ያስደነቀኝ ስሙ ነው። ሃሎዊን ማለት በአጭሩ የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ ማለት ነው። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 1 የቅዱሳን ሁሉ በዓል፣ ኅዳር 2 ደግሞ የሙታን መታሰቢያ ነው። ከዚያ በፊት ኬልቶች ክረምት ሲገባ የሚያከብሩት ሳወን የሚባል በዓል ነበር። ስለ እሱ በየቦታው ብዙ ይወራል፤ ከዘመኑ የተረፈው ጽሑፍ ግን ጥቂት ስለሆነ አልፈዋለሁ። እኔን የያዘኝ ቤት ለቤት መዞሩ ነው።

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ድሆችና ልጆች በእነዚህ ቀናት በየቤቱ እየሄዱ ትናንሽ ቂጣ ይቀበሉ ነበር። የነፍስ ቂጣ ነው የሚባለው። ተቀባዩ በምላሹ ለቤቱ ሙታን ይጸልያል። ይህን ሳነብ ላፕቶፑን ገፋ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ይሄ እኮ ተዝካር ነው! ለሞተው ነፍስ ተብሎ ደሃ ይበላል፣ የበላው ነፍስ ይማር ይላል። እማዬ የሰይጣን በዓል የምትለው ነገር ሥሩ ላይ እሷ በየዓመቱ ለአባቷ የምታደርገው ነው።

በስኮትላንድና በአየርላንድ ደግሞ ልጆች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው ወይም ጭንብል አድርገው ይዞራሉ። በነፃ የሚሰጣቸው የለም። መዝፈን፣ ግጥም ማለት፣ ቀልድ መናገር አለባቸው። ለዚያም ፍራፍሬ ወይም ሳንቲም ያገኛሉ። ፋኖሱም የሚሠራው ከተቦረቦረ ቀይ ሥር መሰል ተክል ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይ ከ1845 ጀምሮ የድንች ምርት ጠፍቶ አየርላንድን ረሃብ ሲመታት፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ልማዳቸውን ይዘው አሜሪካ ገቡ። እዚህ ዱባ አገኙ። ዱባ ትልቅም ነው፣ ለመቦርቦርም አያስቸግርም። ስደተኛ ልማዱን የሚቀጥለው ባገኘው ዕቃ ነው፤ እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ የምንጋግር እኛ ይገባናል።

አሜሪካ ውስጥ ግን ምሽቱ የጎረምሳ ሆነ። የአጥር በር ነቅሎ መደበቅ፣ የሰው መስኮት ላይ ሳሙና መለቅለቅ፣ ሲብስም መስበር። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ላይ ነገሩ እየከፋ ስለሄደ ከተሞች በዓሉን እስከ መከልከል አሰቡ። ያገኙት መፍትሔ ግን ሌላ ነው፤ ጥፋት እንዳያጠፉ አስቀድሞ ማስቀመስ። «ትሪክ ኦር ትሪት» የሚለው አባባልም ይሄው ነው፣ «ወይ አቅምሱን ወይ ጉድ እንሠራችኋለን»። በ1927 ብላኪ ከምትባል ትንሽ የካናዳ ከተማ፣ አልበርታ ውስጥ፣ የወጣ የጋዜጣ ዜና ላይ ልጆች ይህን እያሉ ሲዞሩ ተጽፏል። እንግዲህ ቅድም ጸሎት የነበረው፣ ከዚያ ዘፈን የሆነው ክፍያ፣ አሁን ማስፈራሪያ ሆነ ማለት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስኳር በራሽን ሆነና ከ1942 እስከ 1947 ከረሜላ እንደልብ አልነበረም። ራሽኑ ሲነሳ ሁሉ ነገር አንድ ላይ ገጠመ፤ ከጦርነቱ መልስ የተወለዱ ልጆች፣ አዳዲስ ሰፈሮች፣ ጎን ለጎን የተሠሩ ቤቶች። በ1950 ፊላዴልፊያ ውስጥ በከረሜላ ፋንታ ለዩኒሴፍ ሳንቲም መሰብሰብ ተጀመረ። በ1952 ዲዝኒ ዶናልድ ዳክን ያስገባበት የሃሎዊን ፊልም አወጣ። በቃ፣ በዓሉ የልጆች ሆነ።

ግን የትኞቹ ልጆች? ይሄ ጥያቄ ነው የኔ። የዚያን ዘመን ፎቶዎችና ታሪኮች ስታዩ የሚዞሩት ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ አዋቂ። ልክ እንደ ቡሄ። እኔ ሆያ ሆዬ ስጨፍር ሰባት ወይም ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ዱላችንን ይዘን ስንዞር እናት አባት የሚባል ከኋላችን አልነበረም። የሦስት ዓመት ልጅ ይዞ ቡሄ የጨፈረ አላየሁም። ታናሽ ወንድሜ ልከተል ብሎ ሲያለቅስ እማዬ ሙልሙል አስይዛ ነው ያስቀረችው። ታዲያ እዚህ ገና መራመድ ያልጠነከሩትን ማን አስገባቸው?

መልሱን ያገኘሁት አሳዛኝ ቦታ ላይ ነው። በ1974 የሃሎዊን ምሽት ቴክሳስ፣ ዲር ፓርክ ውስጥ፣ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ሳያናይድ የተጨመረበት ከረሜላ በልቶ ሞተ። አገሩ ደነገጠ፤ የማናውቀው ሰው ልጆቻችንን ሊመርዝ ነው ተባለ። መርዙን የሰጠው ግን የማይታወቅ ሰው አልነበረም። የራሱ አባት ነው፣ ሮናልድ ኦብራያን፣ የገባለትን የሕይወት ኢንሹራንስ ለመውሰድ ብሎ። ጥርጣሬ ለማስቀየስ ለሌሎች ልጆችም ሰጥቶ ነበር፤ እነሱ አልበሉትም። በ1984 በሞት ተቀጣ። በመሀል በ1982 ቺካጎ አካባቢ ታይለኖል የተባለው የራስ ምታት መድኃኒት ውስጥ ሳያናይድ ተጨምሮ ሰባት ሰው ሞተና ፍርሃቱ ጨመረ። ሆስፒታሎች የልጆችን ከረሜላ ራጅ ማንሳት ጀመሩ። ቤት የተጋገረ ነገር መስጠት ቀረ፤ የታሸገ ብቻ ሆነ።

ጆኤል ቤስት የሚባል የሶሲዮሎጂ ምሁር ከ1958 ወዲህ ያሉትን ዜናዎች አንድ በአንድ መረመረ። በዚህ መልክ ሲዞር ከማያውቀው ሰው የተመረዘ ከረሜላ ተቀብሎ መሞቱ ወይም ክፉኛ መጎዳቱ የተረጋገጠ ልጅ አላገኘም። አንድም።

ከዚህ በኋላ ያለው የኔ ግምት ነው። ወላጆች በዚያ ፍርሃት ምክንያት ልጆቻቸውን ተከትለው መንገድ ላይ ወጡ። አዋቂው አንዴ ከወጣ ደግሞ ትልቁን ልጅ እየጠበቀ ትንሹን በጋሪ ይገፋል፣ ያዝላል። ትንሹንም ያለብሰዋል፣ ዱባ፣ ንብ፣ አንበሳ። እንዲህ እያለ የሁለት ዓመት ልጅ የበዓሉ ባለቤት ሆነ። በኛ ሙያ ቋንቋ፣ ላልነበረ ባግ የተጻፈ ማስተካከያ ነው። አሁን ግን ሰው ሁሉ የሚወደው እሱን ሆኗል፣ ማን ያወጣዋል?

እውነተኛው አደጋ መኪና ነው። ከ1975 እስከ 2016 ያለውን የ42 ዓመት መረጃ ያየና በ2019 የታተመ ጥናት በሃሎዊን ምሽት እግረኛ በመኪና ተገጭቶ የመሞት ዕድሉ ከሌሎች ተመሳሳይ ምሽቶች በ43 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። ለሚጡ ዓይነቶቹ ደግሞ ድርቅ ያለው ክብ ከረሜላና ለውዝ አለ፤ ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጉሮሮ ይዘጋል። ስለዚህ ከምትሰበስበው ውስጥ አብዛኛውን አትበላውም። አንድ የሚያግዝ ነገር ቢኖር ሰዓቱ ነው። ከ2007 ጀምሮ አሜሪካ ሰዓት ወደኋላ የምትመልሰው ከሃሎዊን በኋላ በኅዳር የመጀመሪያ እሑድ ስለሆነ፣ በዕለቱ ፀሐይ እዚህ የምትጠልቀው በኛ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። (ያንን ለውጥ ኮምፒውተሮች ላይ ያስገቡ ፕሮግራመሮች ምን እንደተሳደቡ መገመት አያቅተኝም።) ከ11 ሰዓት እስከ 12 ያለችው የብርሃን ሰዓት የትንንሾቹ ናት።

ወጣን። 11 ከ20 ነበር። ብርድ ስለሆነ ጃኬት ደረብኩላትና ክንፉ ተጨፈለቀ፣ ተጣላን። የመጀመሪያው ቤት በር ሲከፈት ሚጡ በሰውዬው እግር መሀል ሾልካ ገባች። ሶፋው ጋ ደርሳ ነው የያዝኳት። በር ከተከፈተ «ግቡ» ነው እንጂ ደጅ ቆሞ ተቀብሎ መሄድን የት ታውቃለች? ሰውዬው ሳቀ፣ እኔ በሐፍረት አላበኝ። ሁለተኛው ቤት ደጅ ላይ የፕላስቲክ አፅም ተሰቅሎ ነበር፤ አንገቴ ሥር ተወሽቃ አለቀሰች። ሦስተኛው ላይ የተሰጣትን ተቀበለችና ከቦርሳዋ ሌላ አውጥታ ለሴትዮዋ መልሳ ሰጠቻት። «ትሪክ ኦር ትሪት» በይ ብላት እምቢ አለች፤ የምትለው «ሰላም» ብቻ ነው።

አራተኛው ቤት አንዲት አሮጊት ከፈቱ። ሣህኑን ይዘው ደረጃው ላይ በዝግታ ተቀመጡ፣ ቁመታቸው ከሚጡ እኩል ሆነ። እስክትመርጥ ጠበቋት። አንዱን ታነሳለች፣ ትመልሳለች፣ ሌላ ታነሳለች። ቀና ብለው የቱ ቤት እንደምንኖር ጠየቁኝ። በጣቴ ሳሳያቸው፣ «እዚያ ቤት ሰው አለ እንዴ? ሁልጊዜ በዚህ ምሽት ጨለማ ነው» አሉ። ምን እላለሁ? «ሥራ እንገባለን» ብዬ ዋሸሁ። ከረሜላ መስጠት የሚወደው ባለቤታቸው እንደነበር፣ ዘንድሮ ሳይኖር የመጀመሪያቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ሚጡ መርጣ ጨረሰችና ጉንጫቸውን በእጇ ነካቻቸው።

ሰባት ቤት አዳርሰን ተመለስን። የበረንዳውን መብራት ባበራው አይበራም፤ ሦስት ዓመት ስላልነካነው አምፑሉ መቃጠሉን እንኳ አላወቅንም። የሻወር ቤቱን አምፑል ፈትቼ አስገባሁ። ብዙም አልቆየም፣ ተንኳኳ። ሚጡ በቦርሳዋ ያለውን በሙሉ ለማያውቋት ልጆች አደለች፣ ከመቀበሉ ይልቅ ይሄኛው አስደሰታት። ከረሜላው ሲያልቅ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው የእማዬ ዳቦ ቆሎ ትዝ አለኝ። ግን የቤት ነገር ማንም ልጁን አያበላም። መብራቱን አጠፋሁ።

እህቴ እኩለ ሌሊት ላይ ገብታ፣ «ሻወር ቤቱን ምን ነካው?» አለችኝ።

በማግስቱ እማዬ በቪዲዮ ስትደውል ሚጡ ክንፏን አላወልቅም ብላ ነበር። ምሥጢሩ አበቃ። እማዬ ዝም ስትል ጊዜ ስለ ነፍስ ቂጣው፣ ስለ ድሆቹና ስለ ጸሎቱ ነገርኳት። ስለ አሮጊቷና ስለ ባላቸውም ነገርኳት። ብዙ ቆየችና፣

«ታዲያ ጸለያችሁለት?» አለች።

«አይ፣ እማዬ።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

አልጠየቅኩም ነበር። ቤታቸው ከእኛ አራተኛው ነው።