የግፍ መስተዋት

ግፍ የሚጸናው ተሰውሮ ሲኖር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ማርች 7 ቀን 1965 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሰልማ ከተማ፣ ጥቁሮች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ የተሰለፉ 600 ያህል ሰዎች ድልድይ ሲሻገሩ ፖሊሶች በቈመጥ ደበደቧቸው። ያን ማታ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ ናዚዎች ፍርድ የሚተርክ ፊልም አቋርጦ ድብደባውን አሳየ። የሩቁን ግፍ ሲኰንን ያመሸ ተመልካች የአገሩን ግፍ በዓይኑ አየ። የምርጫው መብት ሕግም ኦገስት 6 ቀን ተፈረመ።

በግብፅ ግን በ2011 ዓ.ም. መንግሥት ሰልፉን ለመግታት ኢንተርኔትን ዘጋ፤ ሕዝቡ ግን ከአደባባይ አልቀረም። ፕሬዚዳንት ሙባረክም ፌብሩዋሪ 11 ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

እንግዲህ ወሬ ነጋሪ መስተዋት ነው፤ መስተዋቱን መስበር ቍስሉን አያድንም። ስለዚህ በጠረጴዛችሁ ላይ ያለውን አቤቱታ አደባባይ ሳይደርስ አንብቡት።