ኵርዓተ ርእሱ
የዘይት ቀለም በእንጨት ሰሌዳ ላይ፤ ፍላንደርስ ወይም ፖርቱጋል፣ 16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ። (ዘመናቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) እዚህ የሚያዩት ፎቶግራፉን ነው።

በመጀመሪያ ከክርስቶስ የእሾህ አክሊል ሥር የሚወርደውን ደም ይመልከቱ። አውሮፓዊው ሠዓሊ ፊቱን የሠራው ብርሃንን ከጥላ እያዋሐደ ነው፤ ቆዳው የሚነካ ይመስላል። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ሲቀዱት ጥላውን ትተው በጠራ መስመር አወጡት። ብዙ ጊዜም ግራና ቀኝ ሆነው አክሊሉን የሚመቱ ሁለት ሰዎች ጨመሩበት። ይህን መገልበጥ ብቻ ብሎ ማለፍ አይገባም፤ የባዕዱን ሥዕል በራሳቸው ዓይን አንብበውታል። የሥዕሉ ስምም በግእዝ «የራሱ መመታት» ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ነገሥታት በሥዕሉ ፊት ያስምሉ ነበር፤ ሲዘምቱም ይዘውት ይወጣሉ። በ1744 ከስናር መንግሥት ጋር በተደረገ ጦርነት ተማርኮ በቤዛ ተመለሰ።

በሚያዝያ 1868 መቅደላ፣ እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሪቻርድ ሆልምስ ወሰደው፤ ለሙዚየሙ ሳያስረክብ ለራሱ አስቀረው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ሥዕሉንና ክብረ ነገሥትን እንዲመልሱላቸው ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። መጽሐፉ ተመለሰ፤ ሥዕሉ ቀረ። ከሆልምስ ሞት በኋላ በ1917 ለንደን ላይ በክሪስቲ ጨረታ ተሸጠ፤ በ1950 ደግሞ አንድ ፖርቱጋላዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ገዛው። ከዚያ ወዲህ ፖርቱጋል ውስጥ በግል ይዞታ ነው።