ትምህርት ቤት በወረርሽኝ ዘመን፦ የርቀት ትምህርትና የክፍል ትምህርት ሚዛን

ወረርሽኝ ሲነሣ ትምህርት ቤት በሁለት አደጋዎች መካከል ይቆማል። ክፍሉን ከፍቶ ቢያስተምር በሽታው ከልጆች ወደ ቤተ ሰብ ሊሻገር ይችላል፤ ቢዘጋ ደግሞ ልጆች ከትምህርት ይርቃሉ። እንግዲህ ሁለቱን እንዴት ማመዛዘን ይቻላል? የኮቪድ-19 ዘመን ምን እንዳስተማረን አብረን እንመልከት።

1. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ዩኔስኮ እንደ ገለጠው በዚያ ወቅት ከ190 በሚበልጡ አገሮች 1.6 ቢሊዮን ያህል ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ርቀው ነበር። በአገራችን ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር። በከተማ ያሉ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ማስታወሻና የቤት ሥራ በቴሌግራም ይልኩ ነበር።

2. የርቀት ትምህርት ጥቅምና ጉድለት

ሬዲዮ ሩቅ ይደርሳል፤ ነገር ግን ተማሪው ያልገባውን መልሶ ሊጠይቀው አይችልም። ቴሌግራም ጥያቄ ይቀበላል፤ ነገር ግን ስልክና ኢንተርኔት ይፈልጋል። መብራት በሌለበት ቤት የሚኖር፣ ቀን ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሁለቱንም ላያገኝ ይችላል። ፊደል ገና የሚቆጥር ሕፃንም አጠገቡ የሚያርመው ሰው ያስፈልገዋል። ከዚህም በላይ መምህር የተማሪውን ፊት አይቶ መራቡን ወይም መጎዳቱን የሚያውቀው በክፍል ውስጥ ነው።

3. ዳግም ሲከፈቱ

ከጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በየተራ ተከፈቱ። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ግዴታ ሆነ፤ በአንድ ክፍል የሚቀመጡት ተማሪዎች ቁጥር ቀነሰ፤ በብዙ ቦታም ተማሪዎች በፈረቃ ወይም ቀን እየተለዋወጡ ይማሩ ነበር።

4. ሚዛኑን ለመጠበቅ

ሀ. አዲስና ከባድ ትምህርት በክፍል ይሰጥ፤ ልምምድና ክለሳ በቤት ይሠራ።

ለ. ክፍሉ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ንባብ የሚጀምሩ ሕፃናትና ብሔራዊ ፈተና የሚጠብቁ ተማሪዎች ይቅደሙ።

ሐ. ስልክ ለሌለው ልጅ ትምህርቱ በወረቀት ታትሞ ይሰጠው።

መ. መስኮት ይከፈት፤ ስፖርትና ጨዋታ በሜዳ ላይ፣ በትንንሽ ቡድን ይሁን።

ሠ. ትምህርት ቤት ሲከፈት ያልተመለሱ ልጆች በስም ተለይተው ቤት ለቤት ይፈለጉ። በሥራ ወይም ያለ ዕድሜ ጋብቻ ምክንያት የቀረችን ልጅ ሬዲዮ ብቻውን አይመልሳትም።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ያወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ሌላ ወረርሽኝ መቼ እንደሚነሣ ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ወላጅ ወይም መምህር ከሆኑ ዛሬውኑ ይጠይቁ፦ ትምህርት ቤቱ ነገ ቢዘጋ ለየትኛው ልጅ ትምህርቱ አይደርሰውም? የዚያን ልጅ ቤት አስቀድሞ የሚያውቅ ትምህርት ቤት፣ በሩ ቢዘጋም ማስተማሩን አያቋርጥም።