ሁለቱ መዝገቦች፦ ትምህርት ቤቶች የቀጡትን ተማሪ እንዲያሳውቁ የማስገደድ ታሪክ

የዛሬው ርእሴ በመጀመሪያ እይታ የቢሮ ጉዳይ ይመስላል፤ አንድ ትምህርት ቤት ተማሪ ሲቀጣ፣ ሲያግድ ወይም ሲያባርር ለበላይ አካል የማሳወቅ ግዴታ እንዴት እንደ መጣ የሚመለከት ነው። ወደዚህ ርእስ የመራኝ ግን አንድ የግል ትዝታ ስለ ሆነ፣ ከእርሱ ልጀምር።

በ1988 ዓ.ም. ጀማሪ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሳለሁ፣ በኃላፊነት የያዝኩት ክፍል ውስጥ የነበረ አንድ ተማሪ በረባሽነት ተከሶ «ወላጅ አምጣ» ተብሎ ከበር ተመለሰ። ወላጆቹ ገጠር ነበሩ፤ እርሱ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነበር። ወላጅ አላመጣም፤ እርሱም ተመልሶ አልመጣም። በስም መጥሪያው ላይ ለብዙ ቀናት «ቀሪ» እያልኩ ሞላሁ። በዓመቱ መጨረሻ ሮስተር ስሠራ ከስሙ ትይዩ «አቋረጠ» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱ ግን ልጁ አላቋረጠም፤ እኛ ነን ያስወጣነው። የጻፍኩትን ቃል እንዳስረዳ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ጠያቂም ሊኖር አይችልም ነበር፤ የምንልከው ቅጽ ላይ ለቅጣት የተተወ ቦታ አልነበረምና።

ይህ ጥያቄ በስፋት የተነሣበትና ታሪኩ በሰነድ የሚታወቅበት አንዱ አገር አሜሪካ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 በዘር የተከፋፈለ ትምህርት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ደግሞ፣ በስድስተኛው ምዕራፉ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ተቋም በዘር እንዳያዳላ ከለከለ። ክልከላው መከበሩ የሚታወቀው መረጃ ሲኖር ስለ ሆነ፣ ከ1968 ጀምሮ የፌዴራሉ የሲቪል መብቶች ቢሮ ከትምህርት ቤቶች አኃዝ መሰብሰብ ያዘ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ከማን ጋር እንደሚማር ነበር። ሆኖም በር የተከፈተለት ልጅ በእግድ ተመልሶ ሊወጣ እንደሚችል እየታየ ሲመጣ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስለ ቅጣት የሚጠይቁ መስመሮች ተጨመሩ።

ውጤቱ ብዙ አልዘገየም። ሜሪያን ራይት ኤደልማን የመሠረቱት የሕፃናት ተሟጋች ድርጅት በ1975 ባወጣው ጥናት፣ ከዚሁ መረጃ ተነሥቶ፣ በአንድ የትምህርት ዓመት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች መታገዳቸውንና ጥቁር ተማሪዎች ከነጮች ይልቅ እጅግ በበለጠ መጠን እንደሚታገዱ አሳየ። እያንዳንዱ ርእሰ መምህር የሚያውቀው በራሱ ግቢ የሆነውን ብቻ ነበር፤ ድምሩን ያየ ግን አልነበረም።

በዚያው ዓመት ጥር ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ጎስ በሎፔዝ ላይ» በሚባለው ክርክር ውሳኔ ሰጠ። በኦሃዮ፣ በኮሎምበስ ከተማ፣ በ1971 በተነሣ ረብሻ ከታገዱት ተማሪዎች አንዱ የነበረው ዱዋይት ሎፔዝ፣ በዚያ ቀን ከእርሱ ትምህርት ቤት ቢያንስ ሌሎች 75 ተማሪዎች መታገዳቸውንና እርሱ በንብረት ማውደሙ እንዳልተሳተፈ ተናግሯል። የሰማው አካል ግን አልነበረም። ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ፣ እስከ 10 ቀን ለሚደርስ እግድ እንኳ ተማሪው የተከሰሰበት ነገር ሊነገረውና የራሱን ቃል ሊሰጥ ይገባል ሲል ወሰነ። የሥር ፍርድ ቤት ደግሞ የእግዱ ጉዳይ ከተማሪዎቹ ማኅደር እንዲሰረዝ አዝዞ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። በአንድ በኩል ቅጣት ይመዝገብ ተባለ፤ በሌላ በኩል የተመዘገበው ይሰረዝ ተባለ። ተቃርኖ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። አንደኛው ልጁን የሚከታተል ነው፤ ስሙን ይዞ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይዞራል። ሁለተኛው ተቋሙን የሚከታተል ነው፤ ስም ሳይጠራ ስንት፣ ማንን፣ ስለ ምን እንደ ቀጣ ይናገራል። የፊተኛው ሥልጣንን በልጁ ላይ ያጸናል፤ የኋለኛው ሥልጣንን ራሱን ተጠያቂ ያደርጋል።

የኋለኛው መዝገብ ታሪክ ግን የድል ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1994 የወጣው የጦር መሣሪያን የሚመለከት የትምህርት ቤቶች ሕግ፣ መሣሪያ ይዞ የተገኘ ተማሪ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲባረር ካስገደደ በኋላ፣ የተባረሩት ቁጥር እንዲገለጽም አዘዘ። ሪፖርቱ ልጁን ከመጠበቅ ይልቅ ቅጣቱ መፈጸሙን ማረጋገጫ ሆነ። በ2002 የጸደቀው ሌላ ሕግ ደግሞ ክፍለ ግዛቶች «ዘወትር አደገኛ» የሆኑ ትምህርት ቤቶችን እንዲለዩ ጠየቀ። አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች አንድም የለንም አሉ። መስፈርቱን ያወጡት ራሳቸው ነበሩ፤ ስሙም ነውር ስለ ነበር የሚሸከመው ጠፋ። ሪፖርት ውርደት ብቻ የሚያመጣ ከሆነ ዝምታን ያበረታታል።

በተቃራኒው፣ በ2014 ይፋ የሆነው የ2011–12 የትምህርት ዘመን አገር አቀፍ መረጃ ሁሉንም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያካተተ ነበር። ከቅድመ መደበኛ ሕፃናት 18 በመቶ ብቻ የሆኑት ጥቁር ሕፃናት፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ከታገዱት ውስጥ 48 በመቶ ነበሩ። የአራት ዓመት ልጅም እንደሚታገድ ብዙ ሰው የተረዳው ያን ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል መመሪያ በ2018 መጨረሻ ተሽሯል፤ አኃዙን የመሰብሰቡ ሥራ ግን ቀጥሏል። መመሪያ ከመንግሥት ጋር ይለወጣል፤ ቆጠራ ሥር ከሰደደ በቀላሉ አይነቀልም።

አኃዝ በራሱ ፍርድ እንዳልሆነም መዘንጋት የለብንም። የልዩነት መጠን የልዩነትን ምክንያት አይነግረንም። በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ በአሜሪካ የሚማሩ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ልጆች በአብዛኛው «ጥቁር» በሚለው ዓምድ ሥር ይቆጠራሉ፤ የቤት ቋንቋቸውና የአመጣጣቸው ታሪክ በዚያ ዓምድ አይነበብም። ቁጥሩ ጥያቄ እንድንጠይቅ ያስገድደናል፤ መልሱን የምንፈልገው ግን እኛ ነን።

ወደ አገራችን ልመለስ። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36፣ ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እኔ «አቋረጠ» ብዬ የጻፍኩት ይህ ሕግ በወጣ በዓመቱ ነው። ልጁ አልተገረፈም፤ ከበር ተመለሰ እንጂ። ነገር ግን መብት በወረቀት ሲሰፍር፣ ጥሰቱም የሚሰፍርበት ወረቀት ያስፈልገዋል።

ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ነገ መምህራን፣ ርእሳነ መምህራንና የትምህርት ቢሮ ባለሙያዎች ትሆናላችሁ። «አቋረጡ» የሚል አኃዝ ስታነቡ፣ ስንቶቹ በፈቃዳቸው እንደ ሄዱና ስንቶቹ እንደ ተሸኙ ጠይቁ። ያ ተማሪ የት እንዳለ ዛሬም አላውቅም። ስሙን ግን አስታውሳለሁ፤ እዚህ ባልጠራውም፣ በሮስተሩ ላይ ከስሙ ትይዩ ያለው ቃል የእርሱ ሳይሆን የእኛ ሥራ መሆኑን ለመመስከር ያህል ይህን ተናግሬአለሁ።