«ይቻላቸዋል»፦ በውጫሌ ውል ውስጥ የአንድ ግስ ታሪክ

በአምባሰል ምድር፣ ውጫሌ ላይ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ስለተፈረመው ውል የታሪክ ምሁራን ብዙ ጽፈዋል። የሰዋስው ተማሪም ድርሻ አለው።

የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የግሱ ባለቤት መላላኩ ነው፤ ንጉሡ የሚታዩት በቅጥያው ብቻ ነው። ስለዚህ ቃል የገባ የለም። የኢጣልያንኛው «ኮንሴንቴ» ግን ንጉሡን ባለቤት አድርጎ «ተስማምተዋል» ያሰኛቸዋል። ፈላስፋው ጆን ኦስቲን በ1962 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ የዚህኑ ግስ የእንግሊዝኛ አቻ ከመሐላና ከቃል መግባት ግሦች ጎራ መድቦታል።

ሮም ግሱን እንደ ግዴታ አንብባ ኢትዮጵያን ጥገኛዬ ናት አለች። ምኒልክ በ1883 ተቃውሟቸውን ለኡምቤርቶ ጻፉ፤ በ1885 ውሉን አፈረሱ፤ ከዓድዋ በኋላ፣ በጥቅምት 1889፣ የአዲስ አበባው ውል ሻረው።

ስቬን ሩበንሰንና ካርሎ ጂልዮ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ማታለል ነበር፣ አልነበረም ተባብለዋል። ጥፋቱን በአስተርጓሚው በዮሴፍ ንጉሤ ላይ መጣል ግን ቀላሉ መንገድ ይመስለኛል። አማርኛ ለግዴታ ቃል አላጣም፤ «ተስማማ»፣ «ቃል ገባ»፣ «ማለ» ሁሉም ነበሩ። ስለ ኢየሱስ ሞአና ስለ ይኩኖ አምላክ ቃል ኪዳን የሚተረክበት ሐይቅ እስጢፋኖስም እዚያው ጎረቤት ነው። ግዴታው ታስቦ ቢሆን ኖሮ የሚጽፉበት ቃል በእጃቸው ነበር።