ከጭቃ በሬ እስከ ገና ዱላ

የድሮ ልጅ መጫወቻ አልነበረውም ሲባል ይሰማል። ይህን የሚል ሰው የሚፈልገው ከሱቅ መደርደሪያ የወረደ ዕቃ ከሆነ አልተሳሳተም። በጎጃም ደጃዝማች ተድላ ጓሉ የመንቆረርን ከተማ ከቆረቆሩ በኋላም ሆነ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማዋን በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ካሰኟት በኋላ፣ ገበያ ወጥቶ ለልጁ መጫወቻ ገዝቶ የሚመለስ ባላገር ለብዙ ዘመን አይታሰብም ነበር። አለመሸጡ ግን አለመኖሩን አያሳይም። የጎጃም ደጋ ልጅ መጫወቻ ነበረው፤ ያውም በዕድሜ የተደለደለ። የዛሬ ወላጅ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዕድሜ አይቶ ይመርጣል። ያን ጊዜ መራጩ ወላጅ አልነበረም፤ ልጁ ነገ የሚረከበው ሥራና ወቅቱ ይመርጡለት ነበር፤ አሠራሩን የሚያሳየው ደግሞ ከእሱ ሁለት ሦስት ዓመት የሚበልጥ ልጅ ነበር።

ማስረጃው መጫወቻዎቹ ራሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ሕፃኑ በአንቀልባ ታዝሎ ይውላል፤ መጫወቻው የሰው ፊት፣ የሰው ድምፅና እሹሩሩ ነው። ዳዴ ብሎ ሲቆም መሬቱን ያገኛል፤ ከመሬቱም ጭቃውን። ሦስትና አራት ዓመት ላይ ወንዱም ሴቷም እቃቃ ይጫወታሉ፦ የእንስራ ገል ምጣድ፣ ቅጠል እንጀራ፣ አፈር ዱቄት ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ሥራ ገና ስላልተከፋፈለ መጫወቻውም አልተከፋፈለም። አምስትና ስድስት ሲሞላው ወንዱ ጥጃና ግልገል ጥበቃ ይላካል፤ ያን ጊዜ ጭቃው በሬ ይሆናል፣ ቀንድ ያወጣል፣ በስንጥር ቀንበር ይጠመዳል። ሴቷ ጨርቅ ጠቅልላ የምታዝላት አሻንጉሊት ብዙም ሳትቆይ በእውነተኛ ታናሽ ወንድም ትተካለች። መጫወቻው ከሥራው አንድ እርምጃ ቀድሞ ይመጣል ማለት ነው። እርፍ ሊጨብጥ ብዙ ዓመት የቀረው ልጅ ሁለት የጭቃ በሬዎች ጠምዶ የትኛው ቀኝ የትኛው ግራ እንደሆነ ይከራከራል።

የሩሲያው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ጨዋታ በሰጠው ትምህርት ስለ በትር ፈረስ ተናግሮ ነበር። ልጅ ማናቸውንም በትር ፈረስ ሊያደርግ ይችላል፤ ፖስትካርድን ግን አይችልም፤ አይጋለብምና። ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ስለ መጫወቻ ምርጫ ከተባሉት ሁሉ ዋናውን የያዘ ይመስለኛል። መጫወቻ እውነተኛውን ዕቃ መምሰል የለበትም፤ እንቅስቃሴውን መፍቀድ ነው ያለበት። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ በቆየበት በአዊ፣ ትልልቆቹ ጉግስ ሲጫወቱ ያየ ልጅ ኮርቻውና ልጓሙ አልጎደለበትም፤ በትሩ በቂው ነው።

ከሰባትና ስምንት ዓመት በላይ ደግሞ ምርጫው በወቅቱ እጅ ይገባል። ክረምት ሲጸና ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከልጥ ወይም ከቃጫ ጅራፍ ይገምዳሉ፤ ጩኸቱ ነሐሴ 13 ቀን ለሚውለው ቡሄ ነው። ቤተ ክርስቲያን የጅራፉን ድምፅ በደብረ ታቦር ከተሰማው ድምፅ ጋር ታያይዘዋለች። ለልጁ ግን ከትርጓሜው በፊት የክንድ ጉዳይ ነው፤ ጅራፍ ማጮህ ጉልበትና ሰፊ ሜዳ ይጠይቃል፤ የአራት ዓመት ልጅ ሁለቱም የሉትም። ማሽላ በሚበቅልባቸው የአባይ ቆላዎች በጅራፉ ቦታ ወንጭፍ ይመጣል፤ ማማ ላይ ሆኖ ወፍ የሚያባርር ልጅ ዒላማ የሚለምደው በእሱ ነው። ታኅሣሥ ላይ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ገላጣ ሲሆን ደግሞ የገና ተራ ነው፦ ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ ከእንጨት የተጠረበ ጥንግ ወይም ከጠፍር የተጠቀለለ እሩር። ሜዳው ሲገኝ ጨዋታው ይገኛል። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 መዋዕለ ሕፃናቱን መሥርቶ መጫወቻዎችን በቅደም ተከተል ሲደለድል ከለስላሳ የክር ኳስ ጀምሮ ወደ እንጨት ኳስና ኩብ አለፈ። የእሱ መሰላል በአንድ አእምሮ የታቀደ ነው፤ የጎጃሙን ያቀደ ሰው የለም። ቅደም ተከተል መኖሩ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

ይህ ጨዋታ አይደለም፣ የሥራ ልምምድ ነው የሚል ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ግን ገበጣን ረስቷል። እረኞች መሬት ቆፍረው በጠጠር ወይም በፍየል በጠጥ የሚጫወቱት ገበጣ የማንም ሥራ ልምምድ አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በአፍሪካ ቀንድ ስላሉት ዓይነቶቹ ራሱን የቻለ ጥናት አሳትመዋል። ከእሳቸው በፊትም በራስ ኃይሉ ዘመን በጎጃም ያለፈው ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ሐበሻ ጨዋታዎች አንድ ሙሉ መጽሐፍ በፓሪስ አውጥቷል። ሥራ ብቻ የሚያውቅ ልጅነት መጽሐፍ የሚሞላ ጨዋታ አይወጣውም። ይሁንና ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። የጭቃ በሬ ጨዋታ ነው፤ እውነተኛውን በሬ ቀኑን ሙሉ መጠበቅ ግን ጨዋታ አይደለም፤ ስንቱን ልጅ ከትምህርት ገበታ አስቀርቷል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ዕረፍትንና ጨዋታን ራሳቸውን የቻሉ መብቶች ያደረጋቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ለሴት ልጅ ደግሞ መሰላሉ አጭር ነበር። ወንዱ ከጭቃ በሬ ወደ ጅራፍ፣ ከጅራፍ ወደ ገና ዱላ ሲወጣ እሷ ከእቃቃ በቀጥታ ወደ እውነተኛው ምጣድና ወደ ውኃ መንገድ ትገባለች፤ የቀራት በየመካከሉ የምትሰርቃት የቅልልቦሽ ጊዜ ናት። ይህን የሚያስተባብል ክርክር የለኝም።

የደኅንነት ነገርም አለ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ የሚሸጥ መጫወቻን ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ይፈትኑታል፤ ቱቦው ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ነገር ሊያንቅ ይችላልና አይሸጥም። የቅልልቦሽ ጠጠር በዚህ ፈተና ይወድቃል። ተጫዋቿ ነፍስ ያወቀች ልጅ መሆኗ እውነት ነው፤ አጠገቧ የተቀመጠው ታናሽ ግን ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከት ነው። ጅራፍና ወንጭፍም የዓይን ጠላት ናቸው። የአሮጌው መሰላል ድካም እዚህ ላይ ነው፦ ታላቅ ልጅ ለታናሹ አስተማሪም ጠባቂም ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሆን ደግሞ ለልጅ ይከብዳል።

ታዲያ ይህ ሁሉ የሞተ ታሪክ ነው? ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ድረስ ያለውን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ የጭነት መኪና መመላለሻው ሲያደርገው፣ የመንገድ ዳር ልጆች ከሽቦ መኪና መሥራት ያዙ። ዛሬም ባዶ ሃይላንድ በቆርኪ ጎማ ይሽከረከራል። ልማዱ ጭቃ የሙጥኝ ያለ አልነበረም ማለት ነው፤ በሬውን ሲያይ በሬ፣ መኪናውን ሲያይ መኪና ሠራ። የተበላሸው ሌላ ቦታ ነው። ከሱቅ የሚመጣው ፕላስቲክ ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ ለልጁ ሥራ አይተውለትም፤ ባትሪው ሲያልቅ ጨዋታው ያልቃል። የግቢው አፈር ደግሞ በሲሚንቶ ተሸፍኗል፤ ሦስት ዓመት ላይ ያለው እርከን መሬቱን አጥቷል። መዋዕለ ሕፃናት የምትከፍቱ፣ 0 ክፍል የምታደራጁ ሰዎች፣ ግቢውን ንጣፍ ከማልበሳችሁ በፊት አንድ ጥግ አፈርና አንድ ባልዲ ውኃ ተዉላቸው።